ወለተ ሐና፣ የፍልሰታ ቀማሽ

አማቴ ወለተ ሐና ጾም ከገባ ምራቃቸውን ለመዋጥ እንኳን የሚያመነቱ ሴት ነበሩ። ላማቸው ብዬ አይደለም፤ አሥራ አራት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር ያየሁትን ነው። ሌላው ሰው ሁዳዴን እያቃሰተ ሲጨርስ እሳቸው የጽጌን ጾም በፈቃዳቸው ይጨምሩ ነበር። ረቡዕና ዓርብ ቅዳሴ ሳይወጣ እህል ውሃ በአፋቸው አይዞርም። በእኛ አገር በጾም ቀን ወጥ የምትሠራ ሴት አትቀምስም፤ ጨውን በእጅና በዓይን ትመጥናለች። ቢበዛም ቢያንስም ማንም አያማርርም፤ የጾም ወጥ ነዋ። እኔ ሙሽራ ሆኜ እዚያ ቤት የገባሁ ሰሞን ረስቼ የማማሰያውን ጫፍ ላስ ባደርግ፣ አማቴ ሦስት ቀን አላናገሩኝም። በአራተኛው ቀን ያናገሩኝም ላሟ ስለጠፋች ነው።

እኔ ይማርሽ እባላለሁ። ቤታችን ከላሊበላ ወደ ብልባላ በሚወስደው መንገድ፣ ከወንዙ ማዶ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ስለ እሳቸው የምጽፈውም ሌላ የሚጽፍላቸው ስለሌለ ነው። ባሌ ጋሻዬ በሚሊሺያ ተመርጦ ወደ ኤርትራ ሲዘምት እኔ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ልጃችን ታፈረ ዓመት ከአራት ወር ሲሞላውም የአባቱን ፊት ገና አላየም ነበር። አማቴ አምስት ወልደው አራቱን ቀብረዋል፤ የቀራቸው ጋሻዬ ነው፣ እሱም ጦር ሜዳ። እንግዲህ ታፈረ በእኛ ቤት ምን እንደነበረ ከዚህ በላይ መናገር አያስፈልገኝም።

በስልሳ ስድስት አብዮቱ ከመጣ ስምንት ዓመት ሆኖታል፣ ክረምት ነው፣ ነሐሴ 1974። ፍልሰታ በገባ በስምንተኛው ቀን ታፈረን ያስቀምጠው ጀመር። የመጀመሪያውን ቀን ጥርስ ሲያወጣ ልጅ የሚሆነው ነው ብዬ ዝም አልኩ። በማግሥቱ ግን እንደ ውሃ የቀጠነ ሆነና መቁጠሩን ተውኩት፤ ጨርቅ አጥቤ ሳላሰጣ ሌላው ይደርሳል።

አማቴ ምክንያቱን ወዲያው አገኙት። አረም ስታርሚ ውለሽ፣ ፀሐይ የመታው ጡት አጥብተሽው ነው አሉኝ። ነሐሴ ላይ በላስታ ደጋ፣ ጉም ከጉልበታችን በታች በሚሄድበት ወር፣ ፀሐይ ከየት አግኝቼ እንደተመታሁ መጠየቅ ፈልጌ ነበር። አልጠየቅሁም። ቀጥለው ደግሞ ግግ ነው፣ ድዱ ተበጥቶ ይውጣለት አሉ። ግግ የምታወጣው ሴትዮ ሱባኤ ገብታ ቤተ ክርስቲያን አጥር ግቢ ውስጥ ነበረችና እስከ ዐሥራ ስድስት አትወጣም። ያቺን ሴትዮ በሱባኤ ያቆየልኝን አምላክ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። የቀረው የአማቴ መድኃኒት ውሃ መከልከል ነበር። የሚጠጣው እኮ ነው የሚወጣው፣ ይድረቅለት፣ አሉ። ጡትም ከለከሉት፣ የቆሎ ዱቄት በጣታቸው እያቀመሱ አቆዩት። እኔም እሺ አልኩ። እሺ ማለቴን እስካሁን አፍርበታለሁ።

በሦስተኛው ቀን ዓይኖቹ ወደ ውስጥ ገቡ። የአናቱ እርግብግቢት ጎደጎደ። ያለቅሳል፣ እንባ ግን የለውም።

ያን ዕለት ጠዋት ሰጠኝ መጣ። ሰጠኝ የገበሬ ማህበራችን የጤና ወኪል ነው። ማህበሩ የመረጠው ጎበዝ ነው ብሎ አይደለም፤ በሬ ስለሌለው ከእርሻ ቢቀር የሚጎዳ ሰው አልነበረም፣ ፊደልም ያውቅ ነበር። ወልድያ ሦስት ወር ተምሮ አንዲት የእንጨት ሳጥን ተሸክሞ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ሥራው በየቤቱ እየዞረ የመጸዳጃ ጉድጓድ ቆፍሩ ማለት ሆነ። ጎረምሶቹ ከሩቅ ሲያዩት ዶክተር ጉድጓዱ እያሉ ይጠሩት ነበር። እኔም ስቄበታለሁ።

ታፈረን ተቀበለኝና የሆዱን ቆዳ በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ አድርጎ ለቀቀው። ቆዳው ታጥፎ እንደቆመ ቀረ። ሰጠኝ ቆዳው እስኪመለስ ድረስ ጠበቀ፤ ብዙ ጠበቀ። ከዚያ የልጁ ሰውነት ውሃ እንዳለቀበት፣ የሚገድለውም ተቅማጡ ሳይሆን ድርቀቱ እንደሆነ ነገረን። ላሊበላ ጤና ጣቢያ ሂዱ እንዳይለን ወንዙ ሞልቷል። በውሃ የሚበጠበጠው ዱቄት መድኃኒት አልቆበታል፤ በጋሸና በኩል ያለው መንገድ በዝናብ ተቆርጦ አዲስ አልመጣለትም። ስኳር ቢኖር በስኳር ይሠራ ነበር፣ ስኳሩ ደግሞ በማህበሩ ሱቅ በስም ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ በገብስ አድርጊው አለኝ። ከሳጥኑ ባዶ የቢራ ጠርሙስ አወጣ። በዚህ ሦስት ጊዜ ውሃ፣ ሁለት እፍኝ የገብስ ዱቄት፣ በሦስት ጣት ጫፍ የተነሳ ጨው፤ ፈልቶ ቀጭን ሆኖ ሲበርድ በትንሽ በትንሹ፣ ባስቀመጠው ቁጥር። ጡትም አትከልክይው አለኝ።

አማቴ ከመደቡ ላይ ሆነው ይሰሙ ነበር። “አንተ ሰጠኝ፣ የሚያፈስ እንስራ ላይ ውሃ ቢጨምሩበት ምን ይጠቅማል?” አሉት።

“እሜቴ፣ ባዶውን ፀሐይ ላይ ከቆየ ግን ይሰነጠቃል” አላቸው።

አማቴም ዞረው ውዳሴ ማርያማቸውን ቀጠሉ። ሰጠኝ በላይኛው ሰፈር ሌላ የታመመ ልጅ ነበረበትና ጠርሙሱን ትቶልኝ ሳጥኑን አንስቶ ሲወጣ ደጃፉ ላይ መለስ አለ። “ይማርሽ፣ ሳትቀምሺ እንዳትሰጪው። ከእንባ በላይ ጨው ጨው ካለ ድፊውና እንደገና ሥሪው። ከበዛ ይጎዳዋል” አለኝ። ሰምቼዋለሁ። አልሰማሁም ብዬ ልዋሽ አልችልም።

ወዲያው ውሃ ጣድኩ። የእኛ ጨው አሞሌ ነው፤ ከድንጋዩ ፈቅፍቄ ስወቅጠው አንዱ ደቀቀ፣ አንዱ እንደ ጠጠር ቀረ። በሦስት ጣቴ አነሳሁና ከተትኩ። ትንሽ መሰለኝ። ለመድኃኒት ጨው ይሰሰታል እንዴ ብዬ ደገምኩ፣ ለእርግጠኝነት ደግሞ ሠለስኩ። ሲበርድ በጭልፋ ቀድቼ ወደ ከንፈሬ አስጠጋሁት። ጊዜው ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው፤ ቅዳሴ የሚወጣው ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ ነው። አማቴ ከመደቡ ላይ ቁጭ ብለዋል። እውነቱን ልናገር፦ ያን ሰዓት ከእግዚአብሔር ይልቅ እሳቸውን ፈራሁ። ጭልፋውን መልሼ እንደ ጾም ወጥ በዓይኔ መጠንኩትና ለልጄ ሰጠሁት።

በመጀመሪያ እየተስገበገበ ጠጣ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ አስመለሰው። ቀጥሎ አስቀመጠው፣ ከበፊቱ የባሰ። እንደገና ሰጠሁት፣ እንደገና ጠጣ፤ ጥሙ ግን አልቆረጠም፣ ምላሱ ደርቆ ከላንቃው ይጣበቅ ጀመር። ረፋዱ ላይ አንገቱ ክንዴ ላይ ወደቀ። ዓይኑን ገልጦ ያያል እንጂ አያየኝም።

አማቴ ተነስተው መጡ። ነግሬሽ ነበር፣ ውሃው ነው የገደለው፣ ድፊው አሉኝ። ድስቱን አነሳሁ። ደጃፉ ጋ ስደርስ ግን ዞር ብዬ፣ ሰጠኝ ቀምሰሽ ነው ያለኝ፣ እኔ አልቀመስኩም፣ ጨው በዝቶበት እንዳይሆን አልኩ።

አማቴ ለምን እንዳልቀመስኩ አልጠየቁኝም። ያውቁታል። የጎረቤታችን የአልጣሽን ልጅ ሸጌን ጥሪያት አሉኝ፤ አራት ዓመቷ ነው፣ ጾም አልያዘችም። ሸጌ ጭልፋውን ተቀብላ እስከ ታች ላሰችው። እንዴት ነው ስንላት ጥሩ ነው፣ ጨምሩልኝ አለች። ክረምት ነው፣ ጎተራው ሁሉ ጎድሏል፣ ልጆቹ ያገኙትን ሁሉ ይወዳሉ። አማቴ የራበው ልጅ ለምስክር አይበቃም አሉና ጭልፋውን ከእጇ ወሰዱ።

ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዞሩና አማተቡ። ከዚያ ጨልፈው ቀመሱ።

ፊታቸው ተጨማደደ። ጭልፋውን አስቀመጡና ቀስ ብለው፣ ልጁን በአሞሌ ልትጨርሺው ነበር አሉኝ። አልጮሁብኝም፤ ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ድስቱን ራሳቸው ደፍተው አጠቡ። እኔ ጠርሙሱን ስሞላ እሳቸው ዱቄቱን በእጃቸው ለኩ፤ ጨውን አድቅቀው፣ በሦስት ጣታቸው ጫፍ አንስተው፣ ከፊሉን መልሰው ጣሉ። ፈልቶ ሲበርድ ቀመሱ። ትንሽ ውሃ ጨመሩና ደግመው ቀመሱ። እኔም ልቅመስ እንዴ ብዬ እጄን ብዘረጋ መቱኝ።

“አንቺ ተይ፤ ጾም ለመሻር ከአንድ ቤት አንድ ሰው ይበቃል” አሉኝ። “ደግሞስ አራት ልጅ ቀብሬ የእንባ ጨው ልኩ ይጠፋኛል?”

ይህን የተናገሩት ድስቱን እያማሰሉ ነው፣ ቀና ብለው አላዩኝም። አራቱን ልጆቻቸውን ስማቸውን ጠርተው ሲያነሱ እንኳን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ለካ ያን ሁሉ ዓመት ስፈራቸው ምንም አላውቃቸውም።

ከዚያ ታፈረን ተቀበሉኝና በጭናቸው ላይ አስቀመጡት። በማንኪያ አንድ ጊዜ ይሰጡታል፣ እስከ ዐሥር ይቆጥራሉ፣ ይደግሙታል። ሲያስመልሰው ጥቂት አርፈው እንደገና ይጀምራሉ። መሃል ላይ ጡት ስጪው ብለው ራሳቸው አቀበሉኝ። ደወሉ ተደወለ፣ ቅዳሴው ገባ፣ ቅዳሴው ወጣ፤ አልሄዱም። ከፍልሰታ ቅዳሴ ሲቀሩ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ሰው ሁሉ ጾሙን ሲፈታ እኔም ቆሎ አቀረብኩላቸው፤ እምቢ አሉ። በምላሳቸው የሻሩትን ጾም በሆዳቸው ሊከፍሉ ነው እንዲያ የዋሉት።

በማግሥቱም እንዲሁ። ትኩስ በተሠራ ቁጥር ቀማሽ እሳቸው ናቸው። ተቅማጡ አልቆመም ነበር፣ ልጁ ግን ማንኪያው ሲመጣ አፉን መክፈት ጀመረ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አማቴ ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሱትን ነጭ ነጠላ ደርበው፣ ታፈረን ለመሰናበት አቀፉት። ወዲያው ፊታቸው ተለወጠ። ደንግጬ ስጠጋ ነጠላቸው ከደረታቸው እስከ ጭናቸው ረጥቧል።

“ሸናብኝ” አሉኝ። “ይማርሽ፣ ሸናብኝ እኮ።” ውሃ ያለቀበት ሰውነት ሽንት አይኖረውም፤ ይህን ሰጠኝ ነግሮናል። ሁለታችንም መሬት ላይ ቁጭ አልን፤ እሳቸው ይስቃሉ፣ እኔ እስቃለሁ፣ ልጁ ደነገጠና አለቀሰ። ነጠላውን ሳያጥቡት ደርበውት ሄዱ፤ ምን ሆነው እንደሆነ ለጠየቃቸው ሁሉ ነገሩት። ወንዙ ሲጎድል ላሊበላ ጤና ጣቢያ ወሰድነው፤ አካሚው ድሬሰር አገላብጦ አየውና ደህና ነው፣ ምግብ አብሉት ብሎ መለሰን።

አማቴ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ነሐሴ ዐሥራ ስድስት ሳይቆርቡ ቀርተው አያውቁም። ለእመቤታችን የተሳሉት ነው። ያን ዓመት ግን ሳይቆርቡ ከአጥሩ ውጭ ቆመው አስቀደሱ። በዓሉ ባለፈ በሳምንቱ ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ መምሬ ወርቅአገኘሁ ሄዱ። የንስሐ ነገር አይወራም፤ እሳቸው ግን ተናደው ስለመጡ ነገሩኝ። ቢያንስ መቶ ስግደት ያዙኛል ብዬ ጉልበቴን ቅቤ ታሽቼ ብሄድ፣ አሉኝ፣ ሽማግሌው ምንም አላዘዙኝም። መምሬ ያሏቸው ይኼን ነበር፦ “ስለ ቀመስሽው የምሰጥሽ ቀኖና የለኝም። ከእንግዲህ የልጅ እናት ደጅሽ መጥታ አልቀምስም ያልሽ እንደሆነ ግን፣ ያን ጊዜ እሱን ኃጢአት ይዘሽ ነይ።”

ቀኖናው ሳይሰጣቸው ተሰጣቸው ማለት ነው። በመጀመሪያ የመጣችው አልጣሽ ናት፣ በሚቀጥለው ፍልሰታ፤ የታመመችው ራሷ ሸጌ ነበረች። አልጣሽ ድስቷን ተሸክማ ደጃፋችን ቆመችና አፍራ መሬት መሬት ታያለች። አማቴ ምን እንደምትፈልግ አልጠየቋትም፤ ጭልፋ አምጪ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ወሬው ከመንደር መንደር ሄደ። ጾመኛ እናት ሁሉ የገብስ ውሃዋን ይዛ ትመጣለች፣ ወይም አማቴ ዝናቡን በጆንያ ተከልለው ይሄዱላታል። ሰጠኝም በየደረሰበት፣ መቅመስ የፈራችሁ ወለተ ሐና ዘንድ ሂዱ ይል ጀመር። መድኃኒቱን ያመጣልን እሱ ነው፤ ጎረምሶቹ ግን ዶክተር ጉድጓዱ ማለቱን የተዉት ራሳቸው ሲወልዱ ነው። ሁሉም ልጆች አልዳኑም። በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን ዱቄቱም የለም ነበር፣ የዚያን ዓመት ነገር አላወራውም። የዳኑት ግን ብዙ ናቸው፤ አማቴ አልቆጠሯቸውም፣ እኔም ቆጥሬ አልጨረስኩም። ጋሻዬም በሰባ ስድስት በሕይወት ሲመለስ፣ በሁለት እግሩ የሚሮጥ ልጅ ጠበቀው።

ለዚህ ሁሉ አማቴ የከፈሉት ያቺን ቁርባን ነው። መምሬ ቁረቢ፣ ኃጢአት የለበትም ቢሏቸው አይሰሙም። ለመቁረብ አፍ ከዋዜማው ጀምሮ ምንም ያልነካው መሆን አለበት፤ የታመመ ልጅ ደግሞ ዋዜማ አያውቅም። ስምንት ዓመት ሙሉ ነሐሴ ዐሥራ ስድስት ጠዋት ከአጥሩ ውጭ ቆሙ። የሚቆርቡት ሲገቡ ከርቀት ያያሉ። ምንም አይሉም፣ ፊታቸውን ግን እኔ አየው ነበር።

በ1982 ፍልሰታ አማቴ ዓይናቸው ደክሞ፣ በትር ይዘው ነበር የሚሄዱት። ነሐሴ ዐሥራ አራት ቀን ከፊታቸው ተቀመጥኩና፣ “እሜቴ፣ ከነገ ጀምሮ የምቀምሰው እኔ ነኝ። እርስዎ ይቆርባሉ” አልኳቸው። አንቺ ጨው አታውቂም አሉኝ። እርስዎ አስተምረውኛል አልኳቸው። ከዚያ ነጠላዬ ታጥቧል ወይ ብለው ጠየቁኝ።

በዋዜማው ከብልባላ በኩል አንዲት ሴት ልጅዋን አዝላ መጣች፣ ድስቷን ይዛ። አማቴ ከመደቡ ላይ ሆነው ያዩኛል። እኔ በሃያ ምናምን ዓመት የጾም ዘመኔ፣ ያቺን የሙሽርነት ማማሰያ ካልቆጠርን፣ ቅዳሴ ሳይወጣ አንድ ነገር በአፌ ሳደርግ የመጀመሪያዬ ነው። ቀመስኩ። በዝቷል፣ ውሃ ጨምሪበት አልኳት። አማቴ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ፊታቸውን አዙረው ጸሎታቸውን ቀጠሉ።

በነጋታው ቆርበው ተመለሱ፤ ታፈረ ክንዳቸውን ይዟቸዋል። የቆረበ ሰው እንደሚያደርገው አፋቸውን በነጠላ ሸፍነዋል፤ እስኪመሽ አይናገሩም። እኔ እኛ ጋ ያደረውን የብልባላዋን ሴትዮ ልጅ በማንኪያ እያጠጣሁ ነበር። አጠገቤ ተቀመጡ።

እሳቸውን ማመስገን ከባድ ነበር። ስለ ታፈረ እግዜር ይስጥልኝ ልበል ብዬ በጀመርኩ ቁጥር ከብቶቹ ገቡ ወይ፣ እንጨቱ ረጥቧል፣ እያሉ ያቋርጡኝ ነበር። ያን ዕለት ግን መናገር አይችሉም። ስለዚህ ስምንት ዓመት የያዝኩትን ሁሉ አልኳቸው። ልጄን ያተረፉልኝ እርስዎ ነዎት፣ ያን ቀን ፈርቼዎት ልገድለው ነበር፣ ያልጮሁብኝን አልረሳውም፣ ያን ሁሉ ዓመት ቁርባን በእኔ ስህተት እንዳጡ አውቃለሁ፣ እናት ሆነውኛል አልኳቸው። በሚቀጥለው ጥር አረፉ፤ ያን ጊዜ ባልናገር ኖሮ ሌላ ፍልሰታ አልነበረኝም። ሁለት ጊዜ እጃቸውን አንስተው ሊያስቆሙኝ ሞከሩ፣ አልቆምኩም። ከዚያ ማንኪያውን ከእጄ ወስደው ልጁን እያጠጡ፣ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።